የአኳሪየሙ ቱቦ የሚጠይቀን ፊዚክስ

አንድ ተማሪ የበርኑሊን ቀመር በቃሉ ሊወጣው ይችላል። የሄንሪን ሕግ ጽፎ፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተርጉሞ በፈተና ሙሉ ነጥብ ሊያገኝም ይችላል። ይኸው ተማሪ በአንድ የመስታወት ገንዳ ፊት ቆሞ «ማሞቂያው ከማጣሪያው በፊት ይገጠም ወይስ በኋላ? ቱቦው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን ወይስ ባለ 16?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ከቀመሩ ሳይሆን ከሻጩ አፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው በቀመሩና በቱቦው መካከል ካለው ከዚህ ክፍተት ነው።

ርእሰ ጉዳያችን ዕፅዋት የሚለሙበት፣ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ የያዘ አኳሪየም ነው። በዚህ ዓይነቱ ገንዳ ውኃው በአንድ ቱቦ ቁልቁል ወርዶ፣ ከገንዳው ሥር በተቀመጠ ዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ በማጣሪያው ራስ ላይ ያለው ሞተርም በሌላ ቱቦ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። በመመለሻው ቱቦ መሃል ማሞቂያ፣ የአልትራ ቫዮሌት መብራትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሟሚያ በተራ ይገጠማሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ገንዳው ከመሣሪያ ክምር ይጸዳል፣ ሙቀቱና ጋዙም ከፍሰቱ ጋር በሁሉም ማዕዘን ይዳረሳል። ጉዳታቸው ግን የአንዱ ስሕተት ለሌላው መትረፉ ነው። በአንድ ቱቦ የታሰሩ ናቸውና አንዱ ሲታነቅ ሁሉም ይታነቃል። ስሌቱን የሳተው ሰው ቢሆንም ዋጋውን የሚከፍለው ዓሣው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንሞግታለን። አንደኛ፣ የመሣሪያዎቹ ተራና የቱቦው ስፋት የሚወሰኑት በስሌት እንጂ በልማድ ወይም በስም ጥሪ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለባሕር ጠረፍ ከተሞች የተጻፉ መመሪያዎች ለደጋ አገር ሳይሰሉ ሊገለበጡ አይገባም። ሦስተኛ፣ ይህን ስሌት ለማስተማር የሚያስፈልገው ገንዘብ ከምንገምተው እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ቤተ ሙከራዎቻችን ከዚህ የሚርቁበት ምክንያት የለም።

ነገሩ ከቅንጦት አልተጀመረም

ብዙ ሰው አኳሪየምን የሆቴል መግቢያ ማስዋቢያ አድርጎ ያየዋል። ታሪኩ ግን ከቤተ ሙከራ ይጀምራል። ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1771 ሻማ የነደደበትን አየር የናና ቅጠል መልሶ እንደሚያድሰው አሳየ። ያን ኢንገንሃውስ ደግሞ በ1779 ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ መሆኑን በውኃ ውስጥ ከተጠለቁ ቅጠሎች የሚወጣውን አረፋ በመመልከት አረጋገጠ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር ያቀረበው ጥናት የእነዚህ ሥራዎች ልጅ ነው። ዋሪንግተን ዓሣን፣ ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውኃ ተክልና ቀንድ አውጣን በአንድ ዕቃ አኑሮ፣ አንዱ ለሌላው በሚሰጠው ነገር ሚዛን ጠብቀው እንደሚኖሩ ገለጸ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ የለንደን የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያውን ሕዝባዊ አኳሪየም ከፈተ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (1954–2015) ዕፅዋት ያለበትን ገንዳ እንደ መልክዓ ምድር የመትከልን ጥበብ በዓለም ላይ አሠራጨ። ዛሬ የምናያቸው ቱቦ ላይ የሚገጠሙ መሣሪያዎች ይህን ውበት ላለማወክ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። ሥራቸው ግን ዋሪንግተን የጀመረውን ሚዛን መጠበቅ ነው።

ሞተሩ ውኃውን ሽቅብ ያነሣዋልን?

የመጀመሪያው ጥያቄ የሞተሩ አቅም ነው። ገንዳው ከማጣሪያው በ1 ሜትር ከ20 ከፍ ያለ ነው እንበል። «እንግዲያው ሞተሩ ውኃውን 1 ሜትር ከ20 ማንሣት አለበት» የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። የሁለቱም ቱቦ ጫፎች በአንድ ገንዳ ውስጥ ስለሆኑ፣ በመውረጃው ቱቦ ያለው የውኃ ዓምድ ቁልቁል የሚገፋው በመመለሻው ቱቦ ያለው ዓምድ ወደ ታች በሚገፋበት መጠን ነው። በጉድጓድ አፍ ላይ በአንድ መዘውር እንደተንጠለጠሉ ሁለት እኩል ባልዲዎች ናቸው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ ጉልበት የሚጠይቀው የመዘውሩ ሰበቃ ብቻ ነው። እዚህም ሞተሩ የሚታገለው ከከፍታው ጋር ሳይሆን ከሰበቃው ጋር ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ቱቦዎቹ በውኃ ሲሞሉና የመመለሻው ጫፍ ከውኃው ወለል በታች ሲሆን ነው። ጫፉ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ሞተሩ ያንን 10 ሳንቲ ሜትር በተጨማሪ ያነሣል።

በሞተሩ ማሸጊያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታተማሉ፤ አንዱ ከፍተኛው ፍሰት፣ ሌላው ከፍተኛው የማንሻ ከፍታ። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ፈጽሞ የማይገኙ መሆናቸውን ነው። ከፍተኛው ፍሰት የሚገኘው ምንም ተቃውሞ በሌለበት ነው። ከፍተኛው ከፍታ ላይ ሲደረስ ደግሞ ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል። እውነተኛው ኑሮ በሁለቱ መካከል ነው፤ የት ላይ እንደሆነም ማሸጊያው አይነግረንም።

ለማወቅ ግን ባልዲና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። የመመለሻውን ጫፍ በገንዳው የውኃ ወለል ከፍታ ልክ ይዞ 10 ሊትር እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ መቁጠር ነው። በ36 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰዓት 1,000 ሊትር ነው፤ 60 ሰከንድ ከፈጀ 600 ሊትር። ባልዲውን ወለል ላይ አስቀምጦ መለካት ግን አይገባም፤ ያን ጊዜ ከፍታው ራሱ ውኃውን ይገፋውና ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነጥብ አለ። 150 ሊትር ውኃ ባለው ገንዳ የሚገጠም፣ በሰዓት 600 ሊትር የሚያሳልፍ ማጣሪያ «ውኃውን በሰዓት አራት ጊዜ ያጣራዋል» ይባላል። ነገር ግን የተጣራው ውኃ ካልተጣራው ጋር ስለሚቀላቀል፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከማጣሪያው ጨርሶ ሳያልፍ የሚቀረው ውኃ ከመቶ 37 ያህል ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ከመቶ 2 ገደማ ሳያልፍ ይቀራል። ይህ በሬዲዮአክቲቭ መፈራረስ ምዕራፍ የምናስተምረው የኤክስፖኔንሽያል ሕግ ራሱ ነው። ተማሪው እዚያ ያወቀውን እዚህ ሲያገኘው ካልለየው፣ ያወቀው ምልክቱን እንጂ ሕጉን አይደለም።

4 ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ። በሰዓት 1,000 ሊትር እንዲያልፍ እንፈልጋለን፤ የቱቦው ጠቅላላ ርዝመት 3 ሜትር ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን የውኃው ፍጥነት በሰከንድ 1.4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ 2.5 ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት ፍሰቱ ለስላሳ አይደለም። የሬይኖልድስ ቁጥሩ በሰፊው ቱቦ 24,000 ያህል ሲሆን፣ ለስላሳ ፍሰት የሚጠበቀው ከ2,000 ገደማ በታች ነው። ስለሆነም በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው የፖይዘይ ሕግ እዚህ አይሠራም። ለሁከተኛ ፍሰት የሚሆነውን ስሌት ስንጠቀም በ16 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ በሰበቃ የሚጠፋው 46 ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ያህል ነው። በ12 ሚሊ ሜትሩ ግን 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል።

ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ኪሳራው ግን አራት እጥፍ ሆነ። ከፍተኛ የማንሻ ከፍታው 1 ሜትር ከ50 የሆነ ሞተር በሰፊው ቱቦ ሥራውን ሲሠራ፣ በጠባቡ ቱቦ የተባለውን ፍሰት በምንም መንገድ ሊሰጥ አይችልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ ትልቅ ሞተር መግዛት ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ግን ሰፋ ያለ ቱቦ ነው፤ ወይም የፍሰት ፍላጎትን መቀነስ። በ16 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ፍሰቱን ወደ 600 ሊትር ብናወርድ ኪሳራው ከ46 ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

በቱቦው መሃል የሚገጠም እያንዳንዱ መሣሪያ ጠበብ ያለ አንገት አለው፤ እያንዳንዱ ድንገተኛ መታጠፊያም የራሱን ግብር ያስከፍላል። በመሆኑም ቱቦው ሰፋ ባለ ቅስት እንጂ በስለታም ማዕዘን መታጠፍ የለበትም። መገጣጠሚያዎቹ በፋሼታ መታሰር አለባቸው። ከማጣሪያው ግራና ቀኝ ደግሞ ሩቢኔት መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ማጣሪያውን ለማጠብ በተከፈተ ቁጥር ወለሉ ይጥለቀለቃል።

የመሣሪያዎቹ ተራ

ተራውን በተመለከተ አቋማችን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ የአልትራ ቫዮሌት መብራት፣ ከዚያ ማሞቂያ፣ በመጨረሻ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሟሚያ። ለእያንዳንዱ ምክንያት አለው።

ማጣሪያው የሚቀድመው ቆሻሻው ወደ ሌሎቹ ጠባብ አንገቶች እንዳይደርስ ነው። በመውረጃው ቱቦ ላይ ምንም መሣሪያ ባይገጠም ይመረጣል። እዚያ የገባ ማንኛውም አረፋ በሞተሩ ራስ ይጠራቀማል፤ ሞተሩም ውኃ መግፋቱን ትቶ አየር ይንጣል።

የአልትራ ቫዮሌት መብራት የሚገድለው በ254 ናኖ ሜትር አካባቢ ባለው ጨረር ነው። ጨረሩ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። አረፋም ብርሃኑን ስለሚበትነው ከጋዙ መቅደም አለበት። መብራቱ የሚነካው በውስጡ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ተንሳፋፊ አልጌ ያጠፋል፣ በመስታወቱ ላይ የተጣበቀውን ግን አይነካም። ይህን ጨረር በዓይን መመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ማሞቂያው ላይ ጥቂት እንቆይ። 150 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4.4 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። ባለ 200 ዋት ማሞቂያ፣ ወደ አየር የሚጠፋውን ሳንቆጥር፣ ይህን በ6 ሰዓት ገደማ ይፈጽማል። በሰዓት 1,000 ሊትር በሚያልፍበት ጊዜ ከማሞቂያው የሚወጣው ውኃ ከገባው የሚሞቀው በ0.17 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በእጅ ቢዳሰስ ልዩነቱ አይታወቅም። አሁን ደግሞ ፍሰቱ ቆሞ ማሞቂያው አልጠፋም እንበል። በማሞቂያው ዕቃ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውኃ ቢታገት፣ ይኸው 200 ዋት በየደቂቃው 5.7 ዲግሪ ያሞቀዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማንኛውንም ፕላስቲክ የሚፈታተን ሙቀት ይደርሳል። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ኃይል፤ በፍሰት ጊዜ ለብታ እንኳ የማይሰማበት፣ በቆመ ውኃ ግን አደጋ የሆነ። ስለዚህ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የሌለውን ማሞቂያ በቱቦ ላይ መግጠም አይገባም። ጋዙ ከማሞቂያው በኋላ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አረፋ በማሞቂያው ዘንግ ዙሪያ ከተጠራቀመ ዘንጉ በደረቁ ይግላል።

አረፋ መለኪያ አይደለም

የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ የማያውቅ አንባቢ የለም። ያ ድምፅ የሄንሪ ሕግ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ የሟሟው ጋዝ ይወጣል። ከአየር ጋር ብቻ ሚዛን የጠበቀ ውኃ በባሕር ወለል በ25 ዲግሪ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር 0.6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ብርቱ ብርሃን ላገኙ የውኃ ዕፅዋት የሚመከረው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው። ብርሃን አስተፃምሮን የሚያፈጥነው ይህ ጭማሪ ሲሆን፣ ዓሣውን የሚያፍነውም ይኸው ነው። በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት መጠን ነው እንደሚባለው።

ታዲያ መጠኑን እንዴት እናውቃለን? በብዙ መመሪያዎች የሚሰጠው መልስ «በሰከንድ አንድ አረፋ» የሚል ነው። እኛ ይህን መልስ አጥብቀን እንቃወማለን። በአንድ አረፋ ውስጥ ያለው የጋዝ ብዛት የሚወሰነው በአረፋው መጠንና በመቁጠሪያው ውስጥ ባለው ጠቅላላ ግፊት ነው። ጋዙን በሴራሚክ ውስጥ በሁለት ከባቢ አየር ተጨማሪ ግፊት የሚያሳልፍ መሣሪያ በመቁጠሪያው የሚያሳየው አረፋ፣ ያለ ግፊት ከሚወጣ እኩያው ሦስት እጥፍ ያህል ጋዝ ይይዛል። ያለ ግፊት የሚወጣው አረፋ ደግሞ በአዲስ አበባ ከባሕር ጠረፉ እኩያው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከ101 ኪሎ ፓስካል ወደ 76 ገደማ ዝቅ ይላልና። አረፋ መቁጠር ትናንትን ከዛሬ ለማወዳደር ይጠቅማል፤ አንዱን ቤት ከሌላው ቤት ለማወዳደር ግን አይረባም።

የተሻለው መንገድ በኬሚስትሪ ክፍል አለ። የውኃውን የካርቦኔት ጥንካሬ በጀርመን ዲግሪ፣ አሲዳማነቱን ደግሞ በፒ.ኤች. መለካት ነው። ፒ.ኤች. 7 በሆነበት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን በሚሊ ግራም በሊትር የጥንካሬው ሦስት እጥፍ ነው፤ ፒ.ኤች. በአንድ በወረደ ቁጥር አሥር እጥፍ ይሆናል። ጥንካሬው 4፣ ፒ.ኤች. 6.6 ቢሆን ውጤቱ 30 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህ የሚያገለግለው ፒ.ኤች.ን የሚወስን ሌላ አሲድ በውኃው በሌለበት ጊዜ ነው፤ የእንጨት ጉማጅ ወይም የፎስፌት ማዳበሪያ ያለበት ውኃ ስሌቱን ያሳስታል።

ከፍታው የሚያመጣው ዋናው ጉዳይ ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን የኦክስጅን ነው። በ25 ዲግሪ ውኃ ከአየር ጋር ሙሌት ላይ ሲደርስ በባሕር ወለል በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ግን 6.2 ገደማ ብቻ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ የዓሣው ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የእኛ ዓሣ ከሁለት ወገን ይጠበባል፤ ከወትሮው ያነሰ ኦክስጅን ባለበት ውኃ ይኖራል፣ ያንኑም በሚገባ እንዳይወስድ ጋዙ ያግደዋል። ከፍተኛ ትምህርታችንን የተከታተልንባት ከተማ ከባሕር ወለል እምብዛም አትርቅም ነበር፤ በዚያ የሚታተሙት መመሪያዎች «30 ሚሊ ግራም ለዓሣ አያሰጋም» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ውኃ ነው። በእኛ አመለካከት የደጋው አገር ሰው ከዚህ ግማሽ ያህል ቢጀምር፣ የመመለሻውን ቱቦ የውኃው ወለል እንዲናወጥ አድርጎ ቢያዞር፣ ዓሣውንም ንጋት ላይ፣ ኦክስጅን በሚያንስበት ሰዓት ቢመለከት ይበጃል። ዓሣው ወደ ወለሉ ወጥቶ አፉን ከከፈተ መልሱ ተሰጥቷል።

ሌላም ነገር አለ። ቅጠሎች የኦክስጅን ዕንቁ ሲያፈልቁ ማየት የባለ አኳሪየም ሁሉ ደስታ ነው። አረፋው የሚፈጠረው የሟሟው ጋዝ ጠቅላላ ግፊት በቦታው ካለው ግፊት ሲበልጥ ነው። የአየር ግፊት በሚያንስበት ከተማ ይህ በአነስተኛ ኦክስጅን ይደረሳል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚታይ አረፋ ተክሉ በባሕር ጠረፍ ካለው እኩያው የበለጠ ለማደጉ ማስረጃ አይሆንም።

መብራት ሲጠፋ፣ መብራት ሲመጣ

የውጭ መመሪያዎች በአንድ አንቀጽ የሚያልፉት፣ እኛ ግን አብዝተን ልናስብበት የሚገባን ሌላው ጉዳይ የመብራት መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ፣ ማሞቂያውና የገንዳው ብርሃን አብረው ይቆማሉ። ጋዙስ? በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ቫልቭ ኃይል ሲያጣ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ይቆማል። በስኳርና በእርሾ የሚሠራው ጠርሙስ ግን ስለ መብራት አያውቅም፤ በጨለማም ጋዙን ይልካል። ዕፅዋቱ ራሳቸው በጨለማ ኦክስጅን ተጠቃሚዎች ናቸው። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የተነሣ የእርሾውን ጠርሙስ ዓሣ ለበዛበት ገንዳ አንመክርም።

በዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሚያገኙት ከፍሰቱ ነው። ፍሰቱ ለብዙ ሰዓታት ሲቋረጥ በዝግ ዕቃ ውስጥ ታፍነው ይሞታሉ፤ ውኃውም ይበላሻል። መብራት ሲመጣ ሞተሩ ይህን የተበላሸ ውኃ አንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይለቀዋል። ስለዚህ መቋረጡ ከረዘመ ማጣሪያውን ከፍቶ የገንዳው ውኃ በተቀዳበት ባልዲ አለቅልቆ ማስነሣት ይገባል። ከሁሉ የከፋው ግን መብራት ሲመጣ ሞተሩ አየር ይዞ ሳይነሣ ማሞቂያው ብቻ የተነሣ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ከላይ ያሰላነው 5.7 ዲግሪ በደቂቃ ሥራውን ይጀምራል።

የጋዙ ሲሊንደርም የራሱ ትምህርት አለው። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ ፈሳሽ በመሆኑ፣ በ20 ዲግሪ ግፊቱ 57 ባር ገደማ ሆኖ ፈሳሹ እስኪያልቅ አይወርድም። የግፊት መለኪያው ስንት እንደቀረ አይናገርም፤ የሚናገረው ሚዛን ነው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ መቆምና መታሰር አለበት፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። ጋዙ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ሲሊንደሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል አይቀመጥም። በጋዙ ቱቦ ላይም ውኃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ግድ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ለማንም የማናለዝበው ነገር አለ። ውኃና 220 ቮልት በአንድ ቁም ሳጥን ሥር ናቸው። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ መልሶ ሽቅብ ይሂድ፤ የሚንጠባጠበው ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከታች ይረግፋልና። የግራውንድ ገመድ ይኑር። በ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ጅረት የሚቆርጥ ብሬከርም ይገጠም። ይህን መግዛት ያልቻለ ሰው የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መሣሪያ ይተወው እንጂ ብሬከሩን አይተወው።

ከገንዳው የሚቆረጠውን ተክል በሚመለከትም አንድ ቃል እንጨምር። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መጣል የለበትም፤ ደርቆ ይቀበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ መታየቱ የታወቀው እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ሰዎች ከአገር አገር ስላዘዋወሩት ነው።

ለተቃዋሚዎቻችን

«ይህ ሁሉ ለጥቂት ዓሣ? ትምህርት ቤቶቻችን ማይክሮስኮፕ ባጡበት አገር ስለ አኳሪየም ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጋዝም፣ የአልትራ ቫዮሌት መብራትም ሳይገጠም፣ ጥቂት ዓሣ፣ ብዙ ተክልና መጠነኛ ብርሃን ይዞ ለዓመታት የሚዘልቅ ገንዳ መኖሩን አንክድም፤ የዋሪንግተን ዕቃም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ለጀማሪ የምንመክረውም እርሱኑ ነው። መሣሪያ የሚጨመረው ስሌቱ ሲጠይቅ እንጂ መደርደሪያው ባዶ ስለሆነ አይደለም።

ትምህርቱ ግን መሣሪያውን እስኪገዙ አይጠብቅም። ሁለት ባልዲ፣ 3 ሜትር ባለ 12 እና 3 ሜትር ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ ይበቃሉ። አንዱን ባልዲ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ወለል ላይ አድርጎ ውኃውን በሁለቱ ቱቦዎች በየተራ ማስወረድ ነው። የስፋታቸው ንጽጽር ብቻ ቢታይ ልዩነቱ 1.78 እጥፍ መሆን ነበረበት። ሰበቃውን ጨምረን ስናሰላው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ተማሪዎች መጀመሪያ ያስሉ፣ ግምታቸውን በጥቁር ሰሌዳ ይጻፉ፣ ከዚያ ይለኩ። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ፣ ከጀሪካን ውኃ የማይበልጥ ወጪ ያለው ሥራ ነው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን ደግሞ አንዲት ትንሽ ገንዳ በጋራ ቢያቆሙ፣ አንዱ ስለ ፍሰቷ፣ አንዱ ስለ ፒ.ኤች.ዋ፣ ሌላው ስለ ቅጠሏ ሊያስተምሩባት ይችላሉ። ተማሪው ሦስት ደብተር የያዘላቸው ትምህርቶች በአንድ ውኃ ውስጥ ተገናኝተው ያያቸዋል።

ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር እንዲይዙልን እንወዳለን። በማሸጊያም ሆነ በመመሪያ ላይ የታተመ ቁጥር ሁሉ የተለካበት ቦታና ሁኔታ አለው። «ይህ ቁጥር የት፣ በምን ግፊት፣ በምን ቱቦ ተለካ?» ብሎ መጠየቅ ለሻጩ ንቀት፣ ለመጽሐፉም ድፍረት አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ዕውቀት በእኛ ከፍታ ላይ መልሶ ሲሰላ የእኛ ይሆናል፤ ሳይሰላ ከተገለበጠ ግን እንደ ተውሶ ልብስ አንድ ቦታ ይጠባል፣ አንድ ቦታ ይሰፋል። ስሌቱን የምናርመው እኛ ነን፤ በስሌቱ ውስጥ የሚኖረው ግን ዓሣው ነው።